ብድግ ስትሉ ለሚያዞራችሁ

በሚያዝያ ሙቀት ጣና ዳር ጥላ ሥር ብዙ ተቀምጣችሁ ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ጭልም ይላል? ስንቆም ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል፤ የደም ግፊትም ይቀንሳል። አንገት ላይና ከልብ በሚወጣው ዋና የደም ቧንቧ ላይ ያሉ ነርቮች ይህን ወዲያው ለአንጎል ይነግራሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ግፊቱ ይመለሳል። በባሕር ዳር ሙቀት ግን ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፣ ላብም ውሃውን ይወስደዋል። ስለዚህ ውሃ ጠጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ተረከዛችሁን ደጋግማችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ቁሙ።

የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ እናት አባቶቻችን እባካችሁ ይህን አሳዩልኝ። ማዞሩ ከተደጋገመባቸው መድኃኒቱን በራሳቸው አያቁሙ፤ ተቀምጠውም ቆመውም ተለክተው ለሐኪም ይንገሩ።