ከጎጃም ሆኖ የአቪዬሽን እንግሊዝኛን ለመማር፦ ከየት መጀመር፣ በምን ላይ መበርታት

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ሆኖ አብራሪ ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለመሆን የሚያስብ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱን የሚጀምረው የሰዋስው መጽሐፍ በመግለጥ ነው። በእኔ እምነት ግን መጀመር ያለበት ከጆሮውና ከአንደበቱ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በምሕፃሩ ኢካኦ፣ የሚጠይቀው የቋንቋ ምዘና መናገርንና ማዳመጥን እንጂ መጻፍን አይመለከትምና። የሚመዘኑት ስድስት ነገሮች ድምፅ አወጣጥ፣ የዓረፍተ ነገር አወቃቀር፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና ምልልስ ሲሆኑ፣ ደረጃው ከ1 እስከ 6 ይደርሳል፤ በዓለም አቀፍ በረራ ለመሥራት ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልጋል። የመጨረሻው ውጤት የስድስቱ አማካይ ሳይሆን ከሁሉም ዝቅተኛው ስለሆነ፣ በአምስቱ 5 አግኝቶ በአንዱ 3 ያመጣ ሰው ደረጃው 3 ነው።

መደበኛዎቹ የሬዲዮ ሐረጎች ውስን በመሆናቸው ተግቶ ለሚያጠና ሰው አያስቸግሩም። የእንግሊዝኛ ፊደላትን የሬዲዮ ስሞች ከአልፋ (A) እስከ ዙሉ (Z) ሳያስቡ እስኪወጡ ድረስ ጮክ ብሎ ማለት፣ 3ን «ትሪ»፣ 4ን «ፎወር»፣ 5ን «ፋይፍ»፣ 9ን «ናይነር» እያሉ መልመድ በቂ መነሻ ነው። የበረራ አቅጣጫ አኃዝ በአኃዝ ይነገራል፤ ከፍታ ግን «ታውሳንድ» እና «ሀንድረድ» እየተባለ ይጠራል። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ1989 ኳላ ላምፑር አጠገብ ለአንድ የጭነት አውሮፕላን «ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» የሚል መመሪያ ተሰጠ። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ ማለቱ ነበር፤ አብራሪዎቹ ግን «ቱ»ን እንደ ቁጥር (two) ሳይሆን እንደ መስተዋድድ (to) ሰምተው ወደ 400 ጫማ ወረዱና ከኮረብታ ጋር ተጋጭተው አራቱም ሞቱ። የቅኔ አገር ልጅ ሰምና ወርቁን ለሌላ ቦታ ያቆየው፤ በሬዲዮ አንድ መመሪያ አንድ ፍቺ ብቻ ሊኖረው ይገባል።

ከቁጥር ሳንወጣ፣ የእኛን ተማሪ በተለይ የሚያደናግረው ሰዓት ነው። አቪዬሽን የሚሠራው በዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት ስለሆነ፣ በቀን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ላይ ሦስት መደመር ያሻል፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት 0600 ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ 1200። የሌሊቱን ሰዓት አሥራ አምስት ደምሮ፣ ድምሩ 24 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ 24 መቀነስ ነው። አውቶቡስ ሲጠብቁም ሆነ ገበያ ሲሄዱ ሰዓቱን በዚህ መንገድ በእንግሊዝኛ መጥራት ያለ ወጪ የሚሠራ ልምምድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምልልስ የሚባለው መመዘኛ ይመስለኛል፤ ችግሩም ከቋንቋው ይልቅ ከአስተዳደጋችን ይመጣል። ታላቅ ሰው ወይም መምህር ሲናገረን ባይገባንም «እሺ» ማለት ይቀናናል፤ ደግሞ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራልና። በሬዲዮ «ሮጀር» ማለት መልእክቱ ሙሉ በሙሉ ደረሰኝ ማለት ብቻ ነው፤ «አዎ» ለማለት «አፈርም»፣ «ገብቶኛል፣ እፈጽማለሁ» ለማለት «ዊልኮ» ይባላል። ያልሰማ ሰው «ሰይ አጌን»፣ መፈጸም የማይችል «አንኤብል» ማለት ግዴታው ነው። የማረፍ ወይም የመነሣት ፈቃድ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነትና የከፍታ መለኪያ ግፊት ሲነገሩ ደግሞ ቁጥሩን ራሱን መልሶ ማለት ያስፈልጋል፤ በ«ሮጀር» ብቻ ማለፍ አይፈቀድም።

ለዚህ የሚረዳው ልምምድ በስልክ የሚደረግ ነው። አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ባሕር ዳር ሆነው፣ አንዱ እንደ ተቆጣጣሪ ሌላው እንደ አብራሪ ቢነጋገሩ፣ ፊትና እጅ ስለማይታዩ ድምፅ ብቻውን መሥራት ይኖርበታል። ተቆጣጣሪው ሆን ብሎ አንድ ቁጥር ያሳስት፤ አብራሪውም ይያዘው። የንግግሩ ፍጥነት በደቂቃ ከ100 ቃል እንዳይበልጥ ኢካኦ ይመክራል፤ በጥድፊያ መናገር የብቃት ምልክት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ተሳስተዋል። «ስታንድ ባይ»ን (ጠብቅ ማለት ነው) «እስታንድ ባይ» ማለትም የሚያሳፍር አይደለም፤ በደረጃ 4 የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቃና ቢሰማም ጥፋት የሚሆነው መግባባትን አዘውትሮ ሲያደናቅፍ ነው።

ሐረጎቹ የማይበቁበት ጊዜ ሲመጣ ተራ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1990 ወደ ኒው ዮርክ ይበር የነበረ የኮሎምቢያ አውሮፕላን ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ረዳት አብራሪው ቢናገርም፣ «ሜይዴይ» የሚለውን የጭንቅ ጊዜ ጥሪ ወይም «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ቃል ስላልተጠቀመ ተቆጣጣሪዎቹ የአደጋውን ክብደት አልተረዱም፤ 73 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ከጣና የተነሣ የወፍ መንጋ ሞተር ቢመታ፣ የክረምት ነጎድጓድ ጮቄን ቢሸፍን፣ ማኮብኮቢያው ላይ አህያ ቢገባ፣ ተሳፋሪ ቢታመም ምን እንደሚሉ በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እየተናገሩ በስልክ መቅዳትና መልሶ ማዳመጥ ይገባል። መጀመሪያ ችግሩ፣ ቀጥሎ የሚፈለገው እርዳታ ይነገር፤ ምክንያቱ ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 4 ያገኘ ሰው በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 ያገኘ በየ6 ዓመቱ እንደገና እንዲመዘን ኢካኦ ይመክራል። ከመነሻው 5ን ማለም የተሻለ ነው፤ ቋንቋ ሳይጠቀሙበት ሲቆዩ ይደክማልና፣ በ4 ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ትንሽ ቢዘናጋ ወደ 3 ይወርዳል።