የሆስፒታል ቢል ሲመጣ፦ በአሜሪካ የስቴት ሕጎችን ተጠቅሞ ዋጋ ማጣራትና ማስቀነስ

በፖስታ የመጣ ወረቀት ሁሉ የክፍያ ጥያቄ አይደለም። ኢንሹራንሱ የሚልከው ማብራሪያ፣ ኢኦቢ የሚባለው፣ ሆስፒታሉ ስንት እንደጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ስንቱን እንደተቀበለና የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ ብቻ ይነግራል። ቢሉ ሲደርስ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ቢሉ ማብራሪያው ላይ ካለው የታካሚ ድርሻ ከበለጠ መጀመሪያ የሚደወለው ለኢንሹራንሱ ነው። ቢሉ ቀድሞ ደርሶ ማብራሪያው ካልመጣ ሆስፒታሉ ኢንሹራንስዎን ገና አልጠየቀ ይሆናል፤ ካርድዎን መመዝገባቸውን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ቀጥሎ የየትኛው ሕግ ጥላ ሥር እንዳሉ ይወቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልልቅ ቀጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው፤ ካርዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ወረቀት ከማንቀሳቀስ በቀር ገንዘቡ የእሱ አይደለም። እንዲህ ያለው ፕላን በ1974 በወጣው ኤሪሳ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ስለሚመራ ስቴቱ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያወጣው ሕግ አይነካውም። የመሥሪያ ቤትዎን የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል (ኤችአር) «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ሰልፍ ፈንድድ ማለት ቀጣሪው ከራሱ ካዝና የሚከፍልበት፣ ፉሊ ኢንሹርድ ማለት ኢንሹራንስ ኩባንያው የሚከፍልበት ነው። ስቴቱ በሆስፒታሉ ላይ የጣለው ግዴታ ግን፣ ለምሳሌ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ዋጋ መቀነስ፣ የፕላኑ ዓይነት ምንም ቢሆን ይሠራል።

ቀጠሮ የተያዘለት ሕክምና ከሆነ ዋጋውን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ከሐኪሙ ቢሮ የሕክምናውን ዓይነት የሚለየውን ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር፣ የሲፒቲ ኮዱን፣ ይጠይቁ። «የጭንቅላት ኤምአርአይ» ብቻ ማለት አይበቃም፦ ያለ ማቅለሚያ መድኃኒት 70551፣ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ከዚያም በመድኃኒት የሚነሳው 70553 ነው፤ ዋጋቸውም አንድ አይደለም። ከጃንዋሪ 1፣ 2021 ጀምሮ ማንኛውም ሆስፒታል ዋጋውን በድረ ገጹ ላይ የማውጣት የፌዴራል ግዴታ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ግርጌ «ፕራይስ ትራንስፓረንሲ» የሚል ማያያዣ አለ። እዚያ ሁለት ነገር ያገኛሉ፦ አንዱ ቢያንስ 300 አገልግሎቶችን የያዘ ለሰው ዓይን የተዘጋጀ ዝርዝር ወይም ማስያ፣ ሌላው ለኮምፒውተር የተዘጋጀ ግዙፍ ፋይል ነው። ፋይሉን በስልክ ለመክፈት አይሞክሩ፤ ኮምፒውተርም ላይ ቢሆን ሊንገጫገጭ ይችላል። ማስያው ካልሠራ ብቻ ፋይሉን ያውርዱና ኮዱን በውስጡ ይፈልጉት።

በፋይሉ ውስጥ ለአንድ አገልግሎት ብዙ ዋጋ ይደረደራል። «ግሮስ ቻርጅ» የሚለው ማንም ማለት ይቻላል የማይከፍለው የመነሻ ዋጋ ነው፤ እሱን አይተው አይደንግጡ። ለእርስዎ የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው፦ የእርስዎ ኢንሹራንስ የተደራደረበት ዋጋና በእጅ ለሚከፍል ሰው የተቀነሰው ዋጋ። አንዳንዴ የእጅ ክፍያው ከኢንሹራንሱ ያንሳል። በዚያ ከከፈሉ ግን ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዲዳክቲብልዎ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪስዎ ወደሚሞሉት መጠን፣ አይቆጠርም፤ ዓመቱ ገና ከሆነና ሌላ ሕክምና ከጠበቁ ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል። ደግሞ ይህ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሆስፒታሉ ብቻ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው፣ ምስሉን የሚያነበው፣ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም የየራሱን ቢል ይልካል። «ሌላ ማን ቢል ይልክልኛል?» ብለው ሳይጠይቁ ስልኩን አይዝጉ።

ሜሪላንድ ከዚህ ሁሉ ለየት ትላለች። እዚያ የሆስፒታል ዋጋ የሚወሰነው በ1971 በተቋቋመው የጤና አገልግሎት ወጪ ገምጋሚ ኮሚሽን ነው፤ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የግል ኢንሹራንሱም ሆነ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በአንድ ታሪፍ ይከፍላሉ። ስለዚህ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ የሜሪላንድ ከተሞች ኢንሹራንስን ከኢንሹራንስ ማወዳደር ብዙም አያተርፍም። የሚያተርፈው ቦታን ከቦታ ማወዳደር ነው፦ ሆስፒታልን ከሆስፒታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሆስፒታልን ከሆስፒታል ውጭ ካለ የምስል ማዕከል ጋር። የኮሚሽኑ ታሪፍ የሐኪሞችን ክፍያ አይጨምርም።

ከቦታ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ «ፋሲሊቲ ፊ» ነው። ሆስፒታሎች ትንንሽ ክሊኒኮችን ሲገዙ ያው ሐኪም፣ ያው ክፍል፣ ያው ምርመራ ሆኖ ሳለ የሆስፒታሉ የቦታ ክፍያ ቢሉ ላይ ይታከላል። የገበያ ውድድር ጉዳይ ከኪስ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ አካባቢ ሆስፒታሎች በአንድ ባለቤት ሥር ሲጠቀለሉ ኢንሹራንሱ እምቢ የማለት አቅም ያጣል። ሰተር ሄልዝ የተባለው የካሊፎርኒያ የሆስፒታል ድርጅት «ሁሉንም ውሰድ ወይም ሁሉንም ተው» የሚል ውል ኢንሹራንሶች ላይ ጭኗል ተብሎ ከተከሰሰ በኋላ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ለእርስዎ የሚቀርበው መሣሪያ ግን ቀላል ነው፦ ቀጠሮ ሲይዙ «ይህ ክሊኒክ የሆስፒታል አውትፔሸንት (የተመላላሽ ሕክምና) ክፍል ነው? ፋሲሊቲ ፊ አለው?» ብለው ይጠይቁ። ሜሪላንድ ይህን ክፍያ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን በሕግ ታስገድዳለች። ኮሎራዶ ደግሞ ከጁላይ 1፣ 2024 ጀምሮ ለመከላከያ ምርመራ የሚጠየቀው ፋሲሊቲ ፊ፣ ኢንሹራንሱ ካልሸፈነው፣ ከታካሚው እንዳይወሰድ ከልክላለች።

ኢንሹራንስ ከሌለዎት ወይም ካልተጠቀሙበት የግምት ወረቀት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለዎት። ቀጠሮው ከ3 እስከ 9 የሥራ ቀን ከቀረው በ1 የሥራ ቀን ውስጥ፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጥዎታል። ወረቀቱን አይጣሉት። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ በ120 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍለው ክርክር መክፈት ይችላሉ። በቃል የተነገረ ግምት ለዚህ አይረዳም።

ሕክምናው ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አይተማይዝድ ቢል ከነኮዱ»፣ ማለትም እያንዳንዱን አገልግሎት ለየብቻ የሚዘረዝር ቢል፣ ነው። ጠቅላላውን ብቻ የያዘ ወረቀት ምንም አያሳይም። ሲመጣ በመደዳ ያንብቡት፦ ያልተወሰደ መድኃኒት፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ የደም ምርመራ፣ አንድ ቀን የተጨመረበት አልጋ። የኢመርጀንሲ ክፍል ከ99281 እስከ 99285 ባሉ ደረጃዎች ይከፈላል፤ ጉሮሮዎን ታይተው ብቻ ወጥተው 99285 ከተጻፈ ደረጃው ለምን ከፍ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። በኢመርጀንሲ ያየዎት ሐኪም ከኢንሹራንስዎ መረብ ውጭ ነው (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የለውም) ተብሎ በሐኪሙ ዋጋና በኢንሹራንሱ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት እንዲከፍሉ ከተጠየቁ፣ ከ2022 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይህን ይከለክላል። የመሬት አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የለም።

ከዚያ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን ይሙሉ። የሚበዛው ገንዘብ የሚቀነሰው በስህተት ፍለጋ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ሰው ደግሞ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል የመጀመሪያው ቢል ከወጣበት ጀምሮ ለ240 ቀን ማመልከቻ የመቀበል የፌዴራል ግዴታ አለበት፤ ኢንሹራንስ ያለው ሰውም ማመልከት ይችላል። ከዚህ በታች ባሉት ስቴቶች የቅናሹን መጠን የሚወስነው የስቴቱ ሕግ ነው፣ መለኪያውም የፌዴራል የድህነት መስመር ነው። በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 32,150 ዶላር ነበር።

በሜሪላንድ እስከ መስመሩ 200 በመቶ፣ ማለትም በዚያ ዓመት ልኬት ለአራት ሰው እስከ 64,300 ዶላር፣ ሕክምናው ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 300 በመቶ ቅናሽ አለ። በ12 ወር የተጠራቀመው የሆስፒታል ዕዳ ከቤተሰቡ ገቢ 25 በመቶ ካለፈ እስከ 500 በመቶ ድረስም ቅናሽ ይደረጋል። በዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትልና አካባቢው፣ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች እስከ 300 በመቶ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል፣ እስከ 350 በመቶ ሦስት አራተኛው፣ እስከ 400 በመቶ ግማሹ። በኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ፣ ደንቡ ሌላ ዓይነት ነው፦ ገቢዎ እስከ 250 በመቶ ከሆነ ለሆስፒታሉ የሚከፍሉት በወር ከጥቅል ገቢዎ 4 በመቶ፣ ለብቻው ቢል ለሚልክ ሐኪም 2 በመቶ አያልፍም፤ 36 ወር ከከፈሉ የቀረው ይዘጋል።

ማመልከቻ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በገቢ ማስረጃ ነው። ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ሰው 1099 የሚባለውን የገቢ ወረቀት ብቻ ካስገባ፣ ድርጅቱ የወሰደው ኮሚሽንና ነዳጁ ሳይቀነስ ጥቅሉ ገቢ ተብሎ ሊያዝ ይችላል። የታክስ ወረቀቱን ከነስኬጁል ሲ፣ ማለትም ወጪ ተቀንሶ የተጣራውን ገቢ ከሚያሳየው ቅጽ ጋር፣ ያያይዙ። የቤተሰብ ቁጥር ላይ ልጆችን አይርሱ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በሜሪላንድም በኮሎራዶም እርዳታውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ፎርሙ ካልገባዎት «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለው ይጠይቁ፤ ነጻ ነው። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይመከርም፤ በገንዘብ ቃላት ላይ ትንሽ ስህተት ቁጥሩን ይቀይራል።

ማመልከቻው እየታየ ሳለ ዕዳው ወደ ኮሌክሽን (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) እንዳይሄድ «አካውንቱን ሆልድ ላይ አድርጉልኝ» ብለው ይጠይቁና የተቀበለዎትን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ይጻፉ። የፌዴራል ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ ለ120 ቀን ክስ እንዳይመሠርትና ክሬዲት እንዳያበላሽ ይከለክላል። በክሬዲት ካርድ ወይም በሕክምና የብድር ካርድ ግን አይክፈሉት፤ ዕዳው የባንክ ዕዳ ሲሆን እነዚህ ጥበቃዎች አብረውት አይሄዱም።

ኮሎራዶ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ሕክምናውን ባገኙበት ቀን ዋጋውን በደንቡ ያላወጣ ሆስፒታል ዕዳውን በኮሌክሽን ሊያሳድድ አይችልም። የኮሌክሽን ደብዳቤ ከመጣ ሆስፒታሉ በዚያ ቀን ደንቡን ያሟላ እንደነበር በጽሑፍ እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ።

ሆስፒታሉ ካልመለሰ ሜሪላንድ ውስጥ ያሉ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሥር ወዳለው የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል ይሂዱ፤ ቢልን በተመለከተ በነጻ ይሸመግላል። በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቅሬታ የሚቀርበው ለስቴቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ ነው፤ በኮሎራዶ የቅናሽ ሕክምና ቅሬታ ለስቴቱ የጤና ፖሊሲና ፋይናንስ መሥሪያ ቤት። ከመረብ ውጭ የተጠየቀ ልዩነትን ወይም የግምት ወረቀትን በተመለከተ የፌዴራሉ መስመር 1-800-985-3059 ነው። ሲደውሉ ዝርዝር ቢሉን፣ ኢኦቢውን፣ የግምት ወረቀቱንና የማመልከቻውን ኮፒ አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የቢሉ አካውንት ቁጥርና የሕክምናው ቀን ነው።