«አሜሪካ እንዴት ነው?» ለሚል ዘመድ እንዴት ይመለሳል

እናቴ ቤት ቡፌው ላይ አንድ ፎቶ አለ። እኔ ነኝ። ከኋላዬ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ይታያል። ደረጃው ላይ ትልቅ ዱባ ተቀምጧል፣ ሣሩን የረገፈ ቀይ ቅጠል ሸፍኖታል። የተነሳሁት በ2012 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ፣ አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወሬ ነው። ቤቱ ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ነው። የቤቱ ባለቤት የ88 ዓመት ፈረንጅ ሴትዮ ነበሩ፤ እኔ ማታ ማታ አስታምማቸው ነበር።

ፎቶውን ለእናቴ ስልክላት ምንም አልጻፍኩበትም። እናቴ አሳጥባ ፍሬም ውስጥ ከተተችው። ለጎረቤት አሳየች። ጎረቤት «ቤቷ ነው» አለ። እኔም በስልክ ስሰማ ዝም አልኩ። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ከአሥር ዓመት በኋላ የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት መጣ። ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ተቀብዬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከሌላ ሴት ጋር ወደምጋራው አፓርታማ አመጣሁት። ሻንጣውን ሳሎን አስቀመጠ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ ያኛው ቤትሽስ?» አለኝ።

ስለ ውጭ ኑሮ ለአገር ቤት ሰው እንዴት እንደሚወራ መማር የጀመርኩት ከዚያች ማታ ወዲህ ነው። አብዛኛውን ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

ደመወዝ ስትጠየቁ በብር አታባዙ

ትልቁ ጣጣ እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምሠራው። በሰዓት 19 ዶላር ይከፈለኛል። በሳምንት 40 ሰዓት ስሠራ፣ በሁለት ሳምንት 1,520 ዶላር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ጠየቀኝና ይህንኑ ነገርኩት። ወዲያው ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ሲመታ ይሰማኛል። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀው ትንሽ ቆይቶ ነበር። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ መቶን አልፏል። ወንድሜ ቁጥሩን ሲያየው ትንፋሹ ተቆረጠ። በእሱ ስሌት በአንድ ጀምበር እጥፍ ሀብታም ሆኛለሁ። አሌክሳንድሪያ ያለው አከራዬ ግን ይህን አልሰማም።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባውን ብቻ ንገሩ። ከእኔ 1,520 ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጣል። የፌዴራል ግብር አለ፣ የቨርጂኒያ ግብር አለ፣ የጤና ኢንሹራንስ አለ። እጄ የሚገባው ወደ 1,190 ነው። በወር 2,380። (በዓመት ሁለት ጊዜ ሦስት ቼክ የሚወጣበት ወር ይመጣል፤ ያን ወር እኔና ሩም ሜቴ እንደ ዓመት በዓል ነው የምናየው።)

ከዚያ የሚወጣውን በስም ጥሩ። «ወጪ ብዙ ነው» ካላችሁ ማንም አያምናችሁም። የኪራይ ድርሻዬ 1,100። የመኪና ኢንሹራንስ 160። ነዳጅ 140። መብራት 60። ስልክ 45። ምግብ 350። መኪናዬ አሮጌ ናት፣ ዕዳ የላትም፤ ባይሆን ኖሮ ሂሳቡ እዚሁ ያልቅ ነበር። የሚተርፈው 525 ነው። ለእናቴ 200 እልካለሁ። በቀረችው ሰው ይታመማል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ የጥርስ ሐኪም ይመጣል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ እንኳ እናቴ አልገባትም ነበር። 1,100 ዶላር ስትሰማ ወደ ብር ትመልሰዋለች፤ «በዚህ ገንዘብ እዚህ ስንት ነገር ይሆናል» ትላለች። የገባት በሰዓት ሳወራት ነው። «እማዬ፣ ተቆራርጦ በሰዓት 15 ዶላር ገደማ እጄ ይገባል። ለኪራዩ ብቻ 73 ሰዓት ቆሜ መሥራት አለብኝ። ከምሠራባቸው 22 ቀናት ዘጠኙ የአከራዩ ነው» አልኳት።

እናቴ ያደገችው አርሲ ነው። አባቷ ጭሰኛ ነበሩ፤ መሬቱ በ1967 አዋጅ እስኪወረስ ድረስ የሰው መሬት ነው ያረሱት። ጭሰኛ እንደ ውሉ ከምርቱ እርቦ (ሩብ)፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እርቦ እኮ አይደለም ይሄ» አለች። «ሲሶንም አልፏል። ወደ እኩል አራሽነት ተጠግተሻል ልጄ።»

በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ኑሮዬ የገባት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ ዶላሩን በሰዓት ንገሩ፣ ሰዓቱን ደግሞ ሰሚው በሚያውቀው ነገር መንዝሩት። ነጋዴ ለሆነ አጎት በትርፍና በኪሳራ። ለገበሬ በእህል ድርሻ። ለተማሪ ወንድም በክፍለ ጊዜ።

ክፉውን ብቻ አታውሩ

ይህ የእኔ ሁለተኛ ስህተት ነው። ከፎቶው በኋላ እውነት ለመናገር ቆርጬ ተነሳሁና ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ወንድሜ ዲቪ ልሙላ ሲለኝ፣ «ተው፣ ይቅርብህ፣ ባርነት ነው» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ከገባሽ በኋላ በሩን ዝጊው!» ሰባት ወር አልደወለልኝም።

እውነቱን ነው። «አትምጡ» የሚል ሰው መልሶ አገሩ ካልገባ ማን ያምነዋል? ሰው የሚሰማው የምትሉትን ሳይሆን የምታደርጉትን ነው። እኔ ደግሞ የግሪን ካርዴን ማደሻ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ካላንደር ላይ አክብቤ የምኖር ሰው ነኝ።

እናም ጥሩውን ስትናገሩ እንደ ወጪው በስም ጥሩት። እኔ ለወንድሜ ያልኩት እንዲህ ነው። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የማውቀው ሰው አላስፈለገኝም፤ ወረፋ ይዤ፣ ተፈትኜ፣ ወድቄ፣ ደግሜ ተፈትኜ ወሰድኩ። በ34 ዓመቴ ኖቫ ኮሌጅ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ማታ እንግሊዝኛ ስማር አጠገቤ የተቀመጡት የ60 ዓመት የኤል ሳልቫዶር ሰው ነበሩ፤ ማንም «በዚህ ዕድሜ?» አላላቸውም። ውኃ በእነዚህ ዓመታት የተቋረጠብኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ለእሱም አስቀድሞ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ቀጥዬ፣ ባለፈው ክረምት ኢንፍሉዌንዛ ሲጥለኝ ሦስት ቀን ሙሉ ሾርባ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም አልኩት። ሩም ሜቴ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ሁለቱንም አንድ ላይ ሲሰማ ነው ወንድሜ «እንዲህ ነው እንዴ?» ያለው። ዲቪውን ግን ሞልቷል። ይሙላ።

የስልክ ሰዓት

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ቅያሜ የሚመጣው ከዚህ ነው። በፈረንጆቹ ኅዳር የመጀመሪያው እሑድ እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እስከ ፈረንጆቹ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት እንርቃለን። በቀሪው ጊዜ ሰባት። አክስቴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡና እየጠጣች ስትደውልልኝ እኔ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ካላነሳሁ «ኮራች»። ካነሳሁ ድምፄ ተኝቷል፤ «ደስ አላላትም»። አሁን ቀን ቆርጠናል፦ እሑድ፣ እኔ ጠዋት ቡናዬን ስጥድ፣ እነሱ ከሰዓት በኋላ ሲሆንላቸው። በቃ።

ጥያቄ የሚጠይቀው ዘመድም ድርሻ አለው

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ። «ስንት ታገኛለሽ?» የሚለውን ተዉትና እነዚህን ሞክሩ። ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ዓመት በዓልን የት ዋልሽ? ስትታመሚ ማን ጠየቀሽ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትቀድማለች። መልሱ ከዘገየ ኑሮውን አወቃችሁት ማለት ነው።

ፎቶ ሲላክላችሁም ከኋላ ያለውን አትዩ፣ ጫማውን እዩ። የእኔን ያን ፎቶ አተኩሮ ያየ ሰው የሆስፒታል ነጭ ጫማ ማድረጌን ያይ ነበር። በአሥር ዓመት አንድ ሰው አላየውም።

እኛስ ስለ አገር ቤት?

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። አሜሪካን አያውቁም እያልኩ ሳማርር፣ አዲስ አበባን እኔም አላውቃትም ነበር። የማውቃት የ2004ቷን ነው።

ጥር 2017 ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ በጥንቃቄ ያስቀመጥኳቸው ሦስት ባለ መቶ ብር ኖቶች ነበሩ። ስወጣ የተረፉኝ። ሰፈር ሱቅ ገብቼ ውኃ ገዛሁና አንዱን ዘረጋሁ። ባለሱቁ ልጅ ተቀበለኝ። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ለጓደኛው አሳየው። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለኝ። ብሩ በ2013 ተቀይሯል። ሌላ ብር የለኝም። ከኋላዬ የቆመች የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ በቴሌብር ከፈለችልኝ። ከአሜሪካ የመጣሁት ሴትዮ በተማሪ ገንዘብ ውኃ ጠጣሁ!

በዚያው ሰሞን ፒያሳን አሳዩኝ ብዬ ወጣሁ፤ የማውቀው ሰፈር ግማሹ ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል። አንዱ «አማረ» ይላል፣ አንዱ «የአጎቴን ሱቅ ይዞ ሄደ» ይላል። እኔ አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብዬ ፌስቡክ ላይ ሁለቱንም ስሰድብ ከርሜያለሁ። ተቀምጬ ያዳመጥኩት ያኔ ነው።

በተለይ ገንዘብ ላይ ተጠንቀቁ። 200 ዶላር ስልክላት በልቤ የማስበው ስወጣ በነበረው ዋጋ ነበር፤ እናቴ በዚህ እንደ ንግሥት ትኖራለች ብዬ። እህቴ አንድ ቀን ገበያ ይዛኝ ሄደች። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት። ከፍዬ ስንመለስ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም ዝም አልኩ። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የምንዛሬውን ሳይሆን የወሩን አስቤዛ ጠይቁ። እንደ እኔ በስም፣ በዝርዝር።

ፎቶውስ?

ያኔ ከመመለሴ በፊት እናቴን ቡፌው ፊት አስቀምጬ ነገርኳት። ቤቱ የእኔ አልነበረም። ሴትዮዋን ሌሊት አገላብጣቸው ነበር፣ ዳይፐር እቀይርላቸው ነበር፤ ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠውታል። እናቴ ፎቶውን አንስታ ብዙ አየችው። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መልሳ ቦታው አስቀመጠችው። «አንቺ አለሽበት አይደል እንዴ» አለች።

ማታ ጎረቤታችን እትዬ መጡ። እናቴ ሳልጠይቃት ፎቶውን እያመለከተች፣ «ቤቱ የእሷ አይደለም፤ የምታስታምማቸው ሴትዮ ነው» አለቻቸው። እትዬ ፎቶውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፦

«ደግ አደረጋችሁ። ዓይን ይበላታል፣ እንዲህ ማለት ነው የሚሻለው።»