የአንድን ሰፈር የመንገድ ትስስር እንዴት እንለካለን?

ከተማ ወደ ዳር በሰፋ ቁጥር አዲሶቹ ሰፈሮች ከነባሩ ጋር መገናኘት አለመገናኘታቸውን ለማወቅ፣ በመጀመሪያ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ያስምሩ። በውስጡ ሦስትና ከዚያ በላይ መንገዶች የሚገናኙባቸውን መጋጠሚያዎች ይቁጠሩ፤ መውጫ የሌላቸውን መንገዶች ግን ለብቻ ይመዝግቡ፤ የተዝረከረከ መስፋፋት ቶሎ የሚታወቀው በእነርሱ ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞችና የመኖሪያ ጉዳዮች ድርጅት የሆነው ዩኤን ሃቢታት በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል፤ ሆኖም ርዝመት ብቻውን ያታልላል።

በእኔ ግምት ጉድለቱን ይበልጥ የሚያጋልጠው የእግር ጉዞ ነው። ከአንድ ቤት በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ በእግር የሚኬደውን ርቀት በመካከላቸው ላለው የቀጥታ መስመር ርቀት ያካፍሉት። ማቆሚያው ከአጥሩ ጀርባ 200 ሜትር ላይ እየታየ ዙሪያውን 900 ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ ውጤቱ 4.5 ይሆናል፤ ወደ 1 በቀረበ መጠን ትስስሩ የተሻለ ነው። ውጤቱ ከፍ ባለበት ቦታ ሁለት መውጫ የሌላቸውን መንገዶች የሚያገናኝ ጠባብ የእግረኛ መተላለፊያ መክፈት አዲስ አስፋልት ከማንጠፍ ይሻላል፤ ቤቶች ከተሠሩ በኋላ ግን ክፍተቱን ማግኘት ማፍረስንና ካሳን ስለሚያስከትል፣ መተላለፊያው መሬቱ ከመሸንሸኑ በፊት በፕላኑ ላይ ይሰመር።