ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት፦ የሸራ ጀልባ ነዋሪዎች የውሃና የመብራት አያያዝ

በባለ ሸራ ጀልባቸው ውስጥ እየኖሩ ማሪና በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ የሚሰነብቱ ሰዎች ኑሮ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ኑሮ ብዙም አይርቅም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ያለው ውሃ የተጠራቀመው ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚተርፈው ባትሪ ላይ ያለው ነው። አሥር ሜትር ግድም ርዝመት ያለው ጀልባ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሊትር ውሃ ይይዛል። ገላቸውን በማሪናው መታጠቢያ ስለሚታጠቡ ሁለት ሰዎች በዚያ ውሃ ሳምንት ይዘልቃሉ። አያያዛቸው እኛም ቤት ይሠራል።

መጀመሪያ ልኩን ያውጡ። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥና ለምግብ 7 ሊትር፣ ለዕቃ 4፣ ለገላ 10፣ ለልብስ በአማካይ 5፣ ለእጅና ለፊት 4፣ በድምሩ 30 ሊትር ይበቃል። ለሽንት ቤት ንጹሕ ውሃ አልተመደበም፤ ምክንያቱን በኋላ ያገኙታል። ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ አራት ሰው ላለበት ቤት 840 ሊትር ማለት ነው፤ ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜልና አሥራ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን።

ቀጥሎ ቦታውን ይምረጡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን በትንሽ ቦታ ላይ ይጫናል፤ በረንዳ ደግሞ ለዚህ አይሠራም። ጀልባ ላይም ታንከሩ ዝቅ ብሎ ወደ መሐል የሚቀመጠው ክብደት ያለቦታው ሲሆን ጀልባውን ስለሚያዘነብል ነው። ስለዚህ በርሜሎቹን አንድ ላይ አይደርድሩ፤ ኮለን (የሕንፃው ምሰሶ) ባለበት ጥግ አራርቀው ያስቀምጡ።

ፈረቃው ሲደርስ ለመሙላት አይቸኩሉ። ባዶ የሰነበተ ቧንቧ በስንጥቁ ቆሻሻ ይስባል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ውሃ የዚያና የቧንቧው ዝገት ውጤት ነው። ጀልበኞች በጎማው ውስጥ የቆየውን ውሃ ሳያፈሱ ታንከራቸውን አይሞሉም። እርስዎም ውሃው እስኪጠራ ድረስ ያለውን ለሽንት ቤት በባልዲ ይቀበሉ። የጎማው ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር እንዳይነካካ ከፍ አድርገው ይያዙት፤ ግፊቱ በድንገት ሲጠፋ የተነከረ ጎማ ውሃውን ወደ መስመሩ መልሶ ይስባል።

በርሜል በየሦስት ወሩ ይታጠባል። ውስጡን በብሩሽ ይፈትጉ፣ ውሃ ሞልተው ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና 200 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ አራት ሰዓት ያቆዩ። ውሃውን ወለል ይጥረጉበት እንጂ አይድፉት። ከዚያ የበረኪናው ሽታ እስኪለቅ ያለቅልቁ። መክደኛው በደንብ የማይገጥም ከሆነ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብርሃንና አቧራ የገባበት ውሃ በጥቂት ቀን አረንጓዴ ይይዛል።

የሚጠጣውን ለብቻ ያዘጋጁ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ካላፈሉት ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ ከዚያው በረኪና ሁለት ጠብታ አድርገው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ካለዎት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ብዙ ጀልባዎች ማጠቢያቸው ላይ በእግር የሚረገጥ ፓምፕ አላቸው፤ እግር ሲያርፍ ውሃውም ይቆማል። ቤት ውስጥ ባለ ቧንቧ ባልዲ ወይም ማስታጠቢያ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ይጠረግ፤ ቅባቱ ሳይጠረግ ከታጠበ ውሃው እጥፍ ይሆናል። ዕቃውን በሁለት ሳፋ ይጠቡ፤ ያለቀለቁበት ውሃ ለቀጣዩ ዙር ማጠቢያ ይሁን። ገላዎን ሳፋ ውስጥ ቆመው ይታጠቡ፤ የተጠራቀመው ውሃ ለሽንት ቤት ነው። ስድስት ሊትር ያህል ከፍ አድርገው በአንድ ጊዜ ይድፉ፤ ቀስ እያሉ ካፈሰሱት አይወስድም። ሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ ግን አይጨምሩት፣ ሳሙናውና ፀጉሩ ቫልቩን ይዘጋዋል። ከአንድ ቀን በላይም አያቆዩት፤ ይሸታል።

መብራትን በተመለከተ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በደህና የሚጠቀሙበት ግማሹን ነው። ሦስት ባለ 7 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 105፣ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት 180፣ ዋይፋይ 80፣ አራት ስልክ 60 ይወስዳሉ፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር 500 ይሆናል። ምንም ሳይሠራበት ያረፈ ባትሪ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ያቁሙ። የመኪና ባትሪ ለማስነሻ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ሲሠራበት ቶሎ ይሞታል። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ እንጀራ የሚጋገረው መብራት ባለበት ነው። ባትሪውም ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚለቅ አየር የሚገባበት ቦታ ይቀመጥ።

ጀልበኞች የወደቡን ኬብል ከመሰካታቸው በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ይዘጋሉ። እርስዎም መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ይንቀሉ፣ ከመጣ አምስት ደቂቃ በኋላ ይሰኩት።

የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ጀልባ ላይ የሚቀመጠው ከታች ቀዳዳ ባለው ለብቻ በተከለለ ሳጥን ነው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። እቤትም በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሁን። መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብተው ይፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል። ምግቡ ሲያልቅ ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሲሊንደሩም ይዝጉ። ጋዝ ባለቀበት ሌሊት ደግሞ የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አያስገቡ፤ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም።