አሳንሳለሁ ብላችሁ ቪዲዮው ይባስ ላበጠባችሁ

ጥር ሙሉ ሰርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ያበቃና የቪዲዮው ጣጣ ይጀምራል። ሰው ሀርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ ይዞልኝ ይመጣል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ይህን አሳንስልኝ፣ ስልክ ላይ አልገባ አለኝ።» ወይም «ውጭ ላለችው እህቴ ልልክላት ነው፣ በጣም ከበደኝ።» አብዛኛው ሰው ግን ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ራሱ ሞክሮ አበላሽቶታል። የሚበላሽበት መንገድ ደግሞ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ ያየሁትን ልጻፈው።

የትኛው ፕሮግራም ይሻላል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ለማሳነስ ሃንድብሬክ። ጥራቱን ሳይነኩ ቆርጦ ለመጣል ሎስለስከት። ውጤቱን ከፍቶ ለማየት ቪኤልሲ። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ የማይከብደው ሰው ኤፍኤፍኤምፔግን ይጠቀም፤ ሎስለስከትም ውስጡ እሱ ነው። ሁሉም በነጻ የተለቀቁ ናቸው፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው። የሙከራ ጊዜ፣ የደቂቃ ገደብ፣ ክፈል የሚል መስኮት የላቸውም።

ቪዲዮው ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ ወጣ፣ ወይም ግማሹ ብቻ ተቀየረ

ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። «ነጻ» ይላል እንጂ ነጻ አይደለም፣ ለሙከራ የተሰጠ ነው። የሙሽሪት ፊት ላይ ስሙን ይለጥፍና «ለማንሳት ክፈል» ይላል። ሌላው መጀመሪያውን ብቻ ቀይሮ ይቆማል። ይሄኔ ሰው ክራክ ፍለጋ ይሄዳል፣ ማለትም ሳይከፍል ፕሮግራሙን የሚያስከፍትለትን። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ቁሙ። አንድ መምህር ለቪዲዮ መቀየሪያ ክራክ ብሎ ያወረደው ነገር ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ ቆልፎበት መጣ። የዓመታት የፈተና ጥያቄዎቹ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ ሁሉም። አንዱንም ማስመለስ አልቻልኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሃንድብሬክንም ቢሆን ከየትም አታውርዱ። ትክክለኛው ድረ ገጽ መጨረሻው ነጥብ ኤፍአር ነው። በተመሳሳይ ስም የተከፈቱ ሌሎች ገጾች አሉ። ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ውስጥ ከሃንድብሬክ ማውረጃ ሰርቨሮች አንዱ ተሰብሮ የማክ ተጠቃሚዎች ለጥቂት ቀናት ቫይረስ ያለበትን ፋይል አውርደዋል። ከጓደኛ ፍላሽ ላይ የተቀዳማ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

ተጭኖ አልከፍትም ካለ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ሃንድብሬክ ለመሥራት የሚያስፈልገው የማይክሮሶፍት ዶት ኔት ዴስክቶፕ ራንታይም ነው። አዲሶቹ ቨርዥኖች ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠሩም፣ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

ፋይሉ አልቀነሰም፣ ወይም ጭራሽ ጨመረ

ከአስር ሰው ሰባቱ ስምንቱ የሚመጣው በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባን። የቪዲዮ ክብደት ማለት በሴኮንድ የሚፈሰው ዳታ በርዝመቱ ሲባዛ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ካሜራው በሴኮንድ 24 ሜጋቢት ከቀዳ አንድ ሰዓት 10.8 ጊጋ ይሆናል። 24ን በ3,600 ሴኮንድ አባዙት፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 አካፍሉት። ያንኑ በሴኮንድ ወደ 4 ሜጋቢት ብታወርዱት ሰዓቱ 1.8 ጊጋ ነው። የፋይሉ መጨረሻ ላይ ያለው ስም፣ ኤምፒ4 ሆነ ኤምኬቪ፣ ክብደቱን አይወስንም። በዊንራር መጠቅለልም ምንም ያህል አይቀንስም። ቪዲዮ አንዴ ተጨምቆ የመጣ ነገር ነው።

አንድ ሰው ከመሐል ሜዳ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ አመጣልኝ። በቴሌግራም የተላከለት ነው፣ 300 ሜጋ። «ልቀንሰው ብዬ 1.1 ጊጋ ሆነብኝ» አለኝ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ መስሎት ነበር። የሠራበትን መቀየሪያ ከፍቼ ሳይ «ከፍተኛ ጥራት» የሚል ተመርጧል። ይህ ማለት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት አፍስስ ማለት ነው። የመጣው ቪዲዮ ግን ገና ሲመጣ 1.3 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የሠራው። ከጠባብ ቱቦ የመጣ ውሃ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ውሃው አይጨምርም። የጠፋው ጥራትም አልተመለሰም፣ ቦታ ብቻ ተበላ። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ተልኮ የመጣ ነገር አንዴ ተጨምቋል። እሱን ተዉት። ዋናው ያለውን ሰው ፈልጉና እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ቴሌግራም በፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ ለሚከፍሉት ደግሞ እስከ 4።

ሁለተኛው ምክንያት ሃንድብሬክ ውስጥ ያለው የጥራት መዘውር ነው። አርኤፍ ይለዋል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም ክብደቱም ይጨምራል። ሰው ይህን ተገላቢጦሽ አድርጎ ይረዳዋል፣ ወይም ያበዛዋል። አንዱ ደንበኛዬ «ጥራቱ እንዳይወርድብኝ» ብሎ ወደ ቀኝ ጎትቶ 10 ላይ አቆመው። 4 ጊጋ የነበረው የስልክ ቪዲዮ 11 ጊጋ ሆኖ ወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ። ኤች.264 በሚባለው የተለመደ የቪዲዮ አጨማመቅ ቁጥሩን በግምት በ6 ስትቀይሩት ክብደቱ እጥፍ ይሆናል ወይም ግማሽ ይሆናል። ለ1080ፒ ከ20 እስከ 23 ይበቃል። እኔ 22 ላይ እጀምራለሁ። ለ4ኬ ከ22 እስከ 28 ድረስ መሄድ ይቻላል። ከዚህ በታች የሚወርድ ሰው ዓይን የማያየውን ነገር እያስቀመጠ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። እኔም ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ የቀረጽኩት አስር ደቂቃ ነበረኝ። የከተራ ሌሊት በሻማና በስልክ መብራት የተቀረጸ ሌላ አስር ደቂቃም ነበረኝ። ሁለቱንም በአንድ ቁጥር፣ በ22 አሳነስኳቸው። የጉሙ 180 ሜጋ ሆነ። የሌሊቱ 900። ጥላው ውስጥ ገብቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ካሜራ ብርሃን ሲያጣ ምስሉ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ያ ጤፍ በየፍሬሙ፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራበት በእያንዳንዱ ምስል፣ ቦታውን ይቀያይራል። ፕሮግራሙ ደግሞ እያንዳንዷን ቅንጣት እንደ አዲስ ነገር ይመዘግባል። ጉም ግን ለስላሳ ነው፣ ከፍሬም ፍሬም ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ድንኳን ውስጥ በማታ የተቀረጸ እስክስታ ከሁሉም ይከፋል። እንቅስቃሴውም ጤፉም አንድ ላይ ነው።

መፍትሄው ፊልተርስ የሚለው ውስጥ ነው። ጤፉን የሚያጠራውን ዲኖይዝን ክፈቱ፣ ኤንኤልሚንስን ምረጡ፣ ላይት ላይ አድርጉት። ሥራው ይዘገያል ግን ፋይሉ በግልጽ ይወርዳል። ጥድፊያ ካለባችሁ ኤችኪውዲኤን3ዲ የሚለው ይፈጥናል። ስትሮንግ የሚለውን አትንኩ። የአያት ፊት ሽብሽቡ ጠፍቶ ሰም ይመስላል፣ ቤተሰቡም ወዲያው ያውቀዋል።

ሌላም አለ። በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ክፍል ማለትም በኤንቪኤንሲ ወይም በኪውኤስቪ ስታሠሩት ይፈጥናል፣ ነገር ግን ለተመሳሳይ ጥራት ፋይሉ ይከብዳል። ክብደት ለመቀነስ ከሆነ የመጣችሁት ኤች.264ን የሚሠራውን ኤክስ264ን ምረጡና ታገሡ። ኤች.265ን የሚሠራው ኤክስ265 ከዚያም ያሳንሳል። ችግሩን ከታች እነግራችኋለሁ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ብቻ ሞክሩ። ሬንጅ የሚለውን ወደ ሴኮንድስ ቀይሩ፣ ከመሐል ጨለማ ያለበትን ቦታ ምረጡ፣ አሠሩት። የወጣውን ክብደት ለ2 አካፍላችሁ በጠቅላላው ደቂቃ ብታባዙ መጨረሻው በግምት ይታወቃል። ይህን ባለማድረግ ስንት ሌሊት እንዳለፈ!

ካሜራው ወንበር ላይ ተረስቶ የቀረጸውን አርባ ደቂቃ አስቀድማችሁ በሎስለስከት ቁረጡት። እሱን የሚያህል ማሳነሻ የለም።

ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ቴሌቪዥን ላይ ግን አልከፍትም ይላል

ኤች.265 አድርጋችሁታል። ይህ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች አያውቁትም። ኤች.264 ግን ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ሁሉም ጋ ማለት ይቻላል ይከፍታል። ሃንድብሬክ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀውን ፋስት 1080ፒ30 የሚለውን ፕሪሴት ተጠቀሙ፣ ኤምፒ4 ይሁን። ለወላጆቻችሁ ገጠር የምትልኩት ከሆነ ኤች.265ን አታስቡት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን ደግ ነው።

ድምፁ ቀስ እያለ ከአፍ ይቀድማል ወይም ይዘገያል

የስልክ ቪዲዮ ነው። ስልክ የፍሬሙን ፍጥነት እንደ ብርሃኑ ይለዋውጣል፣ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ደግሞ ይህን አይወድም። ሃንድብሬክ ላይ ቪዲዮ የሚለው ክፍል ውስጥ ኮንስታንት ፍሬምሬት አድርጉና 30 ወይም 25 ምረጡ። ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት ነው ይህ የሚደረገው። ካለቀ በኋላ የመጣልኝን የሰርግ ቪዲዮ ዘፈን በዘፈን እየቆረጥኩ ሳስተካክል ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

እጅ ሲወዛወዝ ማበጠሪያ የመሰለ መስመር ይታያል

የቆየ የእጅ ካሜራ፣ በአብዛኛው ኤምቲኤስ ፋይል። ዲኢንተርሌስ ውስጥ ዲኮምብ ወይም ያዲፍ ይበቃል። ለእስክስታ ግን ቦብ የሚለውን መርጣችሁ ፍሬሙን 50 አድርጉት። ትከሻው ሳይደበዝዝ ይቀራል።

ላፕቶፑ መሐል ላይ ድርግም አለ

ሙቀት ነው። ይህ ሥራ ፕሮሰሰሩን ከዳር እስከ ዳር ያሠራል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ብርዱ ያግዘናል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን በቀን ያሠራ ሰው ይቸገራል። በሌሊት አሠሩት። ከሥር ሁለት እንጨት አድርጉና አየር ይግባው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ጋቢ ላይ አታስቀምጡ። አቧራው ደግሞ ተከፍቶ ከተጠረገ ዓመት ካለፈው አስጠርጉት። ርካሽ ቻርጀርም ጉልበት ሲያንሰው ባትሪውን ይጨርስና ያው ይጠፋል።

ፍላሽ ላይ ሲቀዳ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል፣ ፍላሹ ግን ባዶ ነው

ፍላሹ ፋት32 ነው። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት፣ ያለበትን አስቀድማችሁ አውጥታችሁ። የቆየ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል ለዚያ ከሆነ ቪዲዮውን ሁለት ቦታ ክፈሉት።

መብራት ሄደ፣ ፋይሉም ቀረ

በእኛ አካባቢ ይህን የማያውቅ የለም። ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ላይ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ክብደት አለው፣ ግን ምንም አይከፍተውም። ሃንድብሬክም ከቆመበት አይቀጥልም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ያጫውታል። ስለዚህ ረጅም ሥራ ሲሆን መጀመሪያ በኤምኬቪ አሠሩት፣ ወይም በግማሽ በግማሽ ሰዓት ቆርጣችሁ አሠሩት። ሲያልቅ ሎስለስከት ወደ ኤምፒ4 ይመልሰዋል፣ እንደገና አይጨምቀውም፣ የሚፈጀውም ደቂቃ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ያላችሁ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) ሳይኖር ሌሊት አታሠሩ።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ይህ ነው። ባለፈው የመጣች እናት የልጇን የክርስትና ቪዲዮ አሳንሳ፣ «አለቀ» የሚለውን አይታ፣ ዋናውን ከካሜራው ካርድ አጥፍታዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መጨረሻው ላይ ድምፅ የለውም፣ አሥር ደቂቃው ጥቁር ነው። ከካርዱ የጠፋውን መመለሻ ፕሮግራም አስሮጥኩ፤ በላዩ አዲስ ቀረጻ ተቀርጾበት ስለነበር ግማሹን ብቻ አገኘሁ። የቄሱ ድምፅ በተገኘው ግማሽ ውስጥ የለም። አዲሱን ፋይል ከመጀመሪያ፣ ከመሐል፣ ከመጨረሻ በቪኤልሲ ክፈቱት። ድምፁን ስሙት። በሌላ ዲስክ ላይ ቅዱት። ካርዱን ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የምትነኩት።