አፈሙዙን ከመፈተጋችሁ በፊት

ፈቃድ ያለው መሣሪያ ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአፈሙዙ ውስጥ ደብዘዝ ሲል ብዙ ሰው የብርጭቆ ወረቀት እንጨት ላይ ጠቅልሎ መፈተግ ይጀምራል። ተዉት! ጥይቷን እያሽከረከሩ ቀጥ አድርገው የሚልኳት ውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች ናቸው። እነሱ ካለቁ መሣሪያው ያብረቀርቃል እንጂ ዒላማ አይመታም። አብዛኛው ክላሽማ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ጭራሽ መፈተግ አያስፈልገውም።

ያደበዘዘው ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ንቀሉ፤ ከዚያ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ካዝና ነቅሎ «ባዶ ነው» ማለት ስንቱን ጉድ አድርጓል።

የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ከተኮሳችሁ ደግሞ ዘይት ብቻውን አይበቃም። የብዙዎቹ ማቀጣጠያ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨው እርጥበት ስቦ ያዝጋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፣ ውሃ ግን ያሟሟል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ በነሐስ ብሩሽና በመሣሪያ ዘይት ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ወልውሉት። ሲያልቅ ስስ ዘይት ቀቡት።

መወልወያ ዘንጉን ከተቻለ ከኋላ በኩል አስገቡ። ክላሽ ግን ከፊት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ያኔ ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ እንዳይፍቀው ቀስ በሉ፤ እዚያ ጋ ትንሽ ጭረት እንኳ ጥይት ታስታለች። ልትተኩሱ ስትሉ ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ማውጣት አትርሱ።